የመምህራን ማኅደር ከመደርደሪያ ወደ ኮምፒውተር፦ የአንድ ተገልጋይ አስተያየት

በባሕር ዳር ከጣና ዳርቻ ብዙም በማይርቅ አንድ የትምህርት ጽሕፈት ቤት የመምህራንን የግል ማኅደር በኮምፒውተር የሚያስተዳድረውን ሲስተም፣ የሥራ ልምድ ማስረጃ ለማውጣት ሁለት ጊዜ ተገልግዬበታለሁ። ቀድሞ ከመዝገብ ቤት ማኅደር ማስወጣት የግማሽ ቀን ሥራ ነበር፤ በክረምት እርጥበት የተጣበቀውን ወረቀት ማላቀቁ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። አሁን ግን የቅጥር፣ የዝውውርና የደረጃ እድገት ደብዳቤዎቼ ስካን ተደርገው ስለገቡ፣ ባለሙያዋ ስሜን ከነአባቴና ከነአያቴ ስትጽፍ ወዲያው በተርታ ወጡ።

እንከኑ የታየኝ ፍለጋው ላይ ነው። «ኃይሉ» ተብሎ የተመዘገበ ሰው «ሀይሉ» ተብሎ ሲፈለግ አይገኝም፤ በድምፅ አንድ የሆኑትን ፊደሎች ሲስተሙ እንደ ባዕድ ያያቸዋል። ከዚህ የባሰው የቀን አቆጣጠሩ ነው። የወር ምርጫው 12 ብቻ በመሆኑ፣ ጳጉሜን 3 ቀን የተቀጠረ ባልደረባዬ መስከረም 3 ተብሎ ገብቷል፤ በዚህም ዓመተ ምሕረቱ ጭምር ተዛውሯል። የጡረታ አበል በአገልግሎት ዘመን የሚሰላ በመሆኑ ይህ እንደ ቀላል የጽሕፈት ስሕተት የሚታለፍ አይደለም፤ ለማስተካከልም ዋናው የቅጥር ደብዳቤ ስለሚጠየቅ፣ «ኮምፒውተር ውስጥ ገብቷል» ብሎ ወረቀቱን የጣለ ሰው ይቸገራል።

የእኔ ማስረጃ በደቂቃዎች ውስጥ ታትሞ ቢወጣም ፊርማና ክብ ማኅተም ያስፈልገው ነበር፤ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ስለነበሩ ለሰኞ ተቀጠርኩ።