ኬሞቴራፒ ወይስ አንቲባዮቲክ፦ የነገው ትውልድ በየትኛው ይታዘበናል?

የዛሬ 100 ዓመት የሚመጡ ሰዎች በሕክምናችን ሲገረሙ መጀመሪያ የሚያነሱት ምንድን ነው? ብዙ ሰው ካንሰርን የሚያጠቃውን መድኃኒት፣ ኬሞቴራፒን ይጠራል። እኔ ግን ባክቴሪያን የሚያጠፋውን መድኃኒት፣ አንቲባዮቲክን እንደ ልብ መዋጣችንን እላለሁ።

ኬሞቴራፒ በእርግጥ ከባድ ነው። በፍጥነት የሚባዙ ሴሎችን ሲመታ የካንሰሩን ከጤነኛው በደንብ አይለይም፤ ፀጉር የሚረግፈው፣ ሆድ የሚታወከው፣ የደም ሴል የሚያንሰው ለዚህ ነው። የነገ ሰዎች ይሰቀጥጣቸው ይሆናል። ግን የሚፈርዱብን አይመስለኝም። ለብዙ ካንሰር የተሻለ ነገር የለንም፤ ደግሞም የደም ካንሰር የያዛቸው ስንት ሕፃናት በእሱ ድነዋል!

አንቲባዮቲክ ላይ ግን ምን ብለን እንመልሳለን? መድኃኒቱ ድንቅ ነው፣ ጥፋቱ አጠቃቀማችን ላይ ነው። ጉንፋን በቫይረስ እንደሚመጣ፣ አንቲባዮቲክም ቫይረስን እንደማይነካ እያወቅን ይታዘዛል፣ ካልታዘዘልንም እናኮርፋለን፣ ሲሻለን ደግሞ የተረፈውን ለሌላ ጊዜ እናስቀምጣለን። ከብቶችና ዶሮዎች ቶሎ እንዲያድጉ ተብሎም ከመኖ ጋር ሲሰጥ ኖሯል። ፔኒሲሊን የተባለውን አንቲባዮቲክ ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ መድኃኒቱ አላግባብ ከተወሰደ ባክቴሪያ ሊላመደው፣ ማለትም ሊቋቋመው እንደሚችል በኖቤል ንግግሩ አስጠንቅቆ ነበር፤ ያውም በ1945 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር! በ2019 መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች በቀጥታ ከ1.2 ሚሊዮን በላይ ሰው እንደገደሉ ይገመታል።

በኬሞቴራፒ የሚጎዳው ለመዳን ብሎ የተቀበለው ታማሚ ነው። የተላመደ ባክቴሪያ ግን ገና ያልተወለዱትንም ይጎዳል። ኬሞቴራፒ ራሱ የሰውነትን መከላከያ ስለሚያዳክም፣ የሚሠራ አንቲባዮቲክ ከሌለ እሱንም መስጠት በጣም አደገኛ ይሆናል።