ቆሎው ሳያልቅ ፊልሙ አለቀ

ደብረ ብርሃን ፊልም የምታስጭኑ ሰዎች፣ ይቺን አንብቡልኝ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። ብርዱ ይሁን ንዴቱ አልለየሁትም።

ቤቱን አልጠራም። ዓይነቱን ታውቁታላችሁ። በር ላይ ፖስተር፣ ውስጥ አንድ ኮምፒውተር፣ ጆሮው ላይ ኢርፎን የሰካ ልጅ። ፍላሽ ትሰጣላችሁ፣ ይጭንላችኋል፣ ትከፍላላችሁ። ቅዳሜ ሄጄ «ዊፕላሽ አለ?» አልኩት። ፖስተሩ በሩ ላይ ተለጥፏል፣ ያ ድራም የሚመታው ልጅ። «በኤችዲ» አለና 50 ብር ጠየቀኝ። ለሌላው ፊልም የሚያስከፍለው 10 ብር ነው። ነገር ሲወደድ ጥራት ያለው ይመስለኛል፣ በሽታዬ ነው።

ደግሞ ርዝመቱን አይቻለሁ እኮ! 1 ሰዓት ከ48 ደቂቃ ይላል። ረክቼ ወደ ደብረ ሲና የሚወርደው ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ።

ማታ የሰፈራችንን የሙዚቃ ክበብ ጎረምሶች ሰበሰብኩ። ዘጠኝ ናቸው፣ ያላቸው ድራም ግን አንድ አሮጌ ብቻ ነው። ፕሮጀክተር ለምኜ አመጣሁ። የአገራችንን ቆሎ በሰፌድ ሙሉ አቀረብኩ። ፊልሙ ተጀመረ። ራሰ በራው መምህር ምትህ ቸኮለ፣ ምትህ ዘገየ እያለ ልጁን አፋጠጠው። ወንበር ወረወረበት። በጥፊ አጮለው። ቆሎ የሚያላምጥ እንኳ ጠፋ። ከዚያ የተዋንያን ስም መውረድ ጀመረ።

ገና በ18ኛው ደቂቃ!

«ጋሼ፣ አለቀ እንዴ?» አለኝ አንዱ። መልስ ሳልሰጠው ልጁ እንደገና ገባ። ያው ክፍል፣ ያው መምህር፣ ያው ወንበር። «ትዝታው ነው» አለ ሌላው። እኔስ ምን ብል ጥሩ ነው? ፊልም አዋቂ ነኝ ባዩ እኔ «ዳይሬክተሩ ሆን ብሎ ነው፤ ልምምድ ማለት መደጋገም መሆኑን ሊያሳየን ነው» አልኳቸው። አመኑኝ! ወንበሩ ለሦስተኛ ጊዜ ሲወረወር አንዱ ቀድሞ ጎንበስ አለ፣ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ያኔ ነው የልጁን ፊት ልብ ብዬ ያየሁት። ፖስተሩ ላይ ያለው ልጅ አይደለም። ወደ ፊት አሳለፍኩት። አንዱን አጭር ፊልም ስድስት ጊዜ ገጣጥመውታል።

ሙሉውን የአክስቴ ልጅ እሁድ በቴሌግራም ላከልኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። ዳይሬክተሩ ዴሚየን ሻዜል የሙሉውን ፊልም ድርሰት ጽፎ ገንዘብ የሚያወጣለት ተቸገረ። ከድርሰቱ ጥቂት ገጾች ቆርሶ አጭር ፊልም ሠራ። ያ በፈረንጆቹ 2013 ሰንዳንስ በሚባለው የአሜሪካ የፊልም ፌስቲቫል ላይ ተሸለመ፣ ገንዘቡም ተገኘ። በዓመቱ 106 ደቂቃ የሚሆነው ወጣ። መምህሩ በሁለቱም ጄ ኬ ሲመንስ ነው፣ በረጅሙ ኦስካር ወስዶበታል። ድራም መቺው ግን በአጭሩ ጆኒ ሲመንስ፣ በረጅሙ ማይልስ ቴለር ነው። አጭሩ ለባለ ገንዘቦቹ የቀረበ ቅምሻ ነበር ማለት ነው። ለእኔ ቅምሻውን ስድስት ጊዜ አሙቀው እንደ ሙሉ ገበታ አቀረቡልኝ።

አጭሩን አልጠላሁትም። የመጀመሪያዋን ጊዜ እኔም ትንፋሼን ውጬ ነው ያየሁት። ግን ልጁ ከጥፊው በኋላ ቤቱ ምን ይዞ እንደሚገባ አታዩም። ረጅሙ ላይ አብሮት ሲኒማ የሚገባ አባት አለው። ለድራሙ ሲል የሚተዋት ልጅ አለች። የደማ እጁን በረዶ ውስጥ ሲነክር ታያላችሁ። የመኪና አደጋው አለ። መጨረሻ ላይ መድረኩን የሚቀማበት ድራም አለ፣ እሱን ሳይ ከወንበሬ ተነስቻለሁ። ጎረምሶቹን ያለዚያ መጨረሻ ነው የሸኘኋቸው። አንዱማ «ድራም መማር እንዲህ ከሆነ ይቅርብኝ» ብሎ ሄደ።

ዛሬ ጠዋት በጣርማ በር ጭጋግ ተመልሼ ወጣሁ። ልጁ ኢርፎኑን እንኳ አላወለቀም። «ብራዘር፣ ታሪኩ ያው ነው እኮ። ሰውዬው ይሳደባል፣ ልጁ ይመታል።» ያው አይደለም ብዬ ስለ አባትየው ስጀምርለት ጓደኛውን ጠራ። «ና ስማ፣ ሰውዬው ፊልም ሊተርክልኝ መጣ!» ሁለቱም ሳቁብኝ። «ደግሞ ስድስት ፊልም በ50 ብር፣ ተጠቅመሃል» አለኝ።

አውቃለሁ፣ የተሰረቀ ፊልም ገዝቶ ተሰረቅኩ ማለት ያስቃል። ሳቁ።

ከመክፈላችሁ በፊት መሃሉንና መጨረሻውን አስከፍታችሁ እዩ። የልጁንም ፊት ከፖስተሩ ጋር አስተያዩ። በቃ፣ ሌላ ምክር የለኝም።

አሁን ኪሴን ስዳብስ ነው ትዝ ያለኝ፤ ፍላሼን በንዴት እዛው ትቼው መጥቻለሁ።