መንጋጋ ጥርሴን ላተረፈችልኝ ሐኪም

ይህን ምስጋና ከስድስት ወር በፊት ልጽፈው ነበር። "ቆይ፣ ራጁን ሳናየው አታመስግኚኝ" ብላ ያስቆመችኝ ራሷ ዶክተሯ ናት። ትናንት አየነው።

ከሁለት ዓመት በፊት የላይኛውን መንጋጋ ጥርሴን ሌላ ቦታ ሩት ካናል (የጥርሱን ነርቭ አውጥቶ፣ የነበረበትን ቦይ አጽድቶ መሙላት) ተሠርቼ፣ ቆብ አስገጥሜ፣ ተገላገልኩ ብዬ ነበር። ዓመት ሳይሞላ ድዴ ላይ ብጉር የምትመስል ነገር ወጣች። ትፈነዳለች፣ አፌ ይመራል፣ ትጠፋለች፣ ደግሞ ትመጣለች። ሦስት ጊዜ አንቲባዮቲክ ታዘዘልኝ። ስወስድ ጸጥ፣ ስጨርስ ተመልሳ ከች! እናቴማ "አስነቅለሽው አትገላገዪም እንዴ?" ማለት ከጀመረች ቆየች።

ይቺ ሐኪም ጥርሴን ከመንካቷ በፊት ቁጭ አድርጋ አስረዳችኝ። ነርቩ ከወጣ በኋላ ጥርሱ ውስጥ ደም አይዘዋወርም። የሚዋጥ መድኃኒት ደግሞ የሚጓዘው በደም ነው። ስለዚህ ውጭ ያለውን እብጠት ያበርዳል እንጂ ውስጥ የተሸሸጉት ባክቴሪያዎች ጋ አይደርስም። ሩት ካናላቸው ባልተሳካ ጥርሶች ውስጥ ደጋግሞ የሚገኝ ኢንተሮኮከስ ፌካሊስ የሚባል ባክቴሪያ አለ። ቤቱ አንጀት ነው። ረሃብ ይችላል፤ በዓይን በማይታዩ የጥርስ ቀዳዳዎች ውስጥ ተሸጉጦ ወራት ይከርማል። "ያንቺ እሱ ነው ግን አልልሽም፤ ብዙ ጊዜ ተቀላቅለው ነው የሚኖሩት" አለችኝ። ያልመረመረችውን በስሙ አለመጥራቷ ደስ አለኝ።

ጉዱ የወጣው በማጉያ ስታይ ነው። የላይኛው የመጀመሪያ መንጋጋ ብዙ ጊዜ አራተኛ ቦይ አለው፤ ጠባብ ስለሆነ በቀላሉ ይታለፋል። የኔም ሳይነካ ቀርቷል። ስለ ቀድሞው ሐኪም አንድ ክፉ ቃል አልወጣትም። "ያለ ማጉያ እኔም አልፈው ነበር" አለች፣ በቃ።

ቆቡ ተነሳ፣ የድሮው ሙሊት ተለቅሞ ወጣ። ምራቅ ሌላ ባክቴሪያ ይዞ እንዳይገባ ጥርሱ ዙሪያ ላስቲክ ወጠረች። ከዚያ በሶዲየም ሃይፖክሎራይት ደጋግማ አጠበችው። በረኪና ውስጥ ያለው እኮ ነው! ሽታው የቅዳሜ ልብስ አጠባን አስታውሶኝ ሳቄ መጣ፤ አፍ ተከፍቶ ግን መሳቅ አይቻልም። በመጨረሻ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ፣ ማለትም ያው ኖራ፣ ሞልታ ለሁለት ሳምንት ዘጋችው። ፌካሊስ ኖራንም የመቋቋም አቅም ስላለው ማጠቡን አታሳጥረውም። በሁለተኛው ቀጠሮ እንደገና አጥባ ሞላችው፤ ቆቡም በኋላ ገባ።

ሳትጀምር ዋጋውን ነገረችኝ። ላይሳካ እንደሚችልም፣ ያኔ የስሩን ጫፍ በቀዶ ጥገና ማንሳት ወይም ማስነቀል እንደሚመጣ አልደበቀችኝም።

ትናንት ራጁ ላይ፣ ስሩ ጫፍ የነበረው ጥቁር ጥላ በጣም አንሷል። አልጠፋም። አጥንቱ እስኪሞላ ዓመትና ከዚያ በላይ ሊፈጅ ስለሚችል ገና አንድ ቀጠሮ አለኝ። ብጉሯ ግን ከዚያ ወዲህ ብቅ አላለችም።

አንድ ቅሬታ አለኝ፤ ታስጠብቃለች። አንድ ቀን ሁለት ሰዓት ሙሉ ወንበር አሙቄያለሁ። ስሟን እዚህ እንድጽፍ አልፈለገችም፤ የቸገራችሁ በኢንቦክስ ጠይቁኝ፣ እጠቁማችኋለሁ። የድሮ ራጅ ካላችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እሱን ነው።