ሬድውድ፣ ሜፕል ወይስ ዎልነት? ለቦንሳይ ማስቀመጫ የጉጥ ጣውላ ለምትገዙ

ለቦንሳይ፣ ማለትም ሳህን ውስጥ ተተክሎ እየተገረዘ ለሚያድግ ትንሽ ዛፍ፣ ማስቀመጫ ብዬ መጀመሪያ የገዛሁት የበርል (የጉጥ) ጣውላ እርጥብ ነበር። እኔ አላወቅኩም። ሻጩ ኢንተርኔት ላይ የለጠፈው ፎቶ እንደ ነብር ቆዳ ዥንጉርጉር፣ የሚያብረቀርቅ ነበርና ሁለቴ ሳላስብ ከፈልኩ። ቤት ገብቶ ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ጠርዞቹ ወደ ላይ ተነሡና እንደ ሰፌድ ጎደጎደ። ላዩ ላይ ያስቀመጥኳት ትንሿ ጥድ በነካኋት ቁጥር ትወዛወዝ ጀመር። ሻጩን ብጠይቀው "እንጨት እኮ ነው፣ ይንቀሳቀሳል" አለኝ። እውነቱን ነው። ግን መንቀሳቀስ የነበረበት ሳይሸጥልኝ በፊት ነው።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓይነት ገዝቻለሁ፣ ሁለቱን ራሴ አለስልሻለሁ። ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ የእኔን ኪሳራ አትድገሙት።

ነገሩ አዲስ ለሆነባችሁ፦ በርል ዛፍ ግንዱ ወይም ሥሩ አካባቢ የሚያወጣው እባጭ ነው። ዛፉ ሲቆስል፣ ፈንገስ ሲይዘው ወይም ሌላ ነገር ሲያስጨንቀው፣ ሳይፈነዱ የቀሩ እምቡጦች እርስ በርስ እየተጠላለፉ ያብጣሉ። ሲሰነጠቅ ውስጡ ትንንሽ ዓይኖችና አዙሪቶች ናቸው እንጂ ቀጥ ያለ ክር የለውም። እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ጋራዣቸው ላይ እንጨት የሚሠሩ፣ እኔ ጋሼ የምላቸው አናጺ አሉ፤ አገር ቤት ዕድሜያቸውን ዋንዛ ሲልጉ የኖሩ ሰው ናቸው። ጣውላዬን ሳሳያቸው ገልበጥ ገልበጥ አደረጉትና "ይሄ ጉጥ አይደል እንዴ? እኛ እኮ መጋዝ ያበላሽብናል ብለን ለማገዶ ነበር የምንጥለው" አሉ። ዋጋውን ስነግራቸው ደግሞ ሳቁብኝ።

እንጨት ከመምረጣችሁ በፊት ግን ዛፋችሁን እዩት። ጃፓኖች ይሄን ጠፍጣፋ ማስቀመጫ ጂኢታ ይሉታል፤ ጂ መሬት ነው፣ ኢታ ጣውላ። ዛፉ የቆመበትን መሬት እንዲመስል ነው የሚፈለገው። ስለዚህ ለሁሉም ዛፍ አይሆንም። ወፍራም ግንድ ያለው፣ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ አራት ማዕዘን ሳህን ውስጥ የተተከለ ዛፍ በአብዛኛው እግር ያለው ጠረጴዛ ነው የሚያምርበት። ቅርንጫፉ ከሳህኑ በታች የሚወርድ ዛፍ ደግሞ ረጅም ማቆሚያ ይፈልጋል፤ ጣውላ ላይ ካስቀመጣችሁት የሚንጠለጠልበት ቦታ የለውም። ጣውላ የሚገባው ለቀጭኑ፣ ዘመም ላለው፣ ወይም እንደ ጫካ በቡድን ለተተከለው ነው። ዛፋችሁ ከእነዚህ ካልሆነ ገንዘባችሁን ለጠረጴዛ አስቀምጡት።

አሁን ወደ እንጨቱ። ሬድውድ፣ የካሊፎርኒያው ግዙፍ ዛፍ፣ ሁሉም የሚያውቀው ነው። ቀይ ቡናማ፣ ቀላል፣ ሰፊ ሆኖ የሚገኝ። ለጫካ ተክል ትልቅ ጣውላ ለሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚመጣለት እሱ ነው፣ ሲለሰልስም አያስቸግርም። ችግሩ ልስላሴው ራሱ ነው። በጥፍር ብትጫኑት ምልክት ይይዛል። አንድ ቀን ከባድ ሳህን ላዩ ላይ ገፋ አድርጌ ሳስተካክል የሳህኑ እግሮች አራት ቦይ ቀደዱበት፤ እስካሁን አሉ። ከእግሮቹ ሥር ወፍራም ጨርቅ ለጥፉ፣ ሳህኑንም አንሥታችሁ አስቀምጡ እንጂ አትግፉት።

ሌላም ነገር አለ። የሬድውድ በርል ጌጥ ብቻ አይደለም። ዛፉ ሲቃጠል ወይም ሲቆረጥ እንደገና የሚያቆጠቁጠው ከዚያ እባጭ ነው። ሌቦች ሌሊት በመጋዝ ከቆሙ ጥንታዊ ዛፎች ላይ እየገመሱ ስለወሰዱ እ.ኤ.አ. በ2014 የካሊፎርኒያው የሬድውድ ፓርክ አንዱን መንገዱን ማታ ማታ እስከ መዝጋት ደርሶ ነበር። ስለዚህ "ከየት የመጣ ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። በግል መሬት ላይ ከቀረ አሮጌ ጉቶ ነው የሚል ሻጭ ወረቀት ያሳያችሁ። የሚያድበሰብስ ከሆነ እለፉት።

ሜፕል ስል ከኦሪገንና ከዋሽንግተን ግዛት የሚመጣውን ቢግሊፍ ሜፕል ማለቴ ነው። ነጣ ያለ የማር ቀለም አለው፤ ዓይኖቹ ጥቃቅን፣ እንደ ጤፍ የተበተኑ ናቸው። ከሬድውድ ይጠነክራል። ፎቶ ላይ ከሁሉም የሚያምረው እሱ ነው፣ እኔንም ያታለለኝ እሱ ነው። ቅጠሉን የሚያረግፍ ዛፍ፣ በሰማያዊ ወይም አረንጓዴ የሚያብረቀርቅ ሳህን ውስጥ ካላችሁ ደስ ይላል። ግን ምንም ነገር አይደብቅም። የውሃ ጠብታ፣ የአፈር እድፍ፣ የጣት ቅባት ሁሉ ይታያል። እርጥበት ከቆየበት ግራጫ ሻጋታ ገብቶ ይቀራል። የተልባ ዘይት ከቀባችሁት ደግሞ እያደር ቢጫ ይሆናል። ዥንጉርጉሩ ሲበዛ ሌላም መዘዝ አለው፤ እንግዳ ቤት ሲመጣ "ውይ ይሄ እንጨት!" ይላል፣ አሥር ዓመት የለፋሁበትን ዛፍ ሳያይ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የምትኖሩ ናሽናል አርቦሬተም በሚባለው የዛፎች መናፈሻ ውስጥ ያለውን የቦንሳይ ሙዚየም ታውቁታላችሁ ብዬ አስባለሁ፤ መግቢያው ነጻ ነው። አሜሪካ 200ኛ ዓመቷን ስታከብር እ.ኤ.አ. በ1976 ከጃፓን በስጦታ በመጡ 53 ቦንሳዮች የተጀመረ ነው። ከመካከላቸው እ.ኤ.አ. ከ1625 ጀምሮ የተኮተኮተ፣ ሂሮሺማ ላይ ቦምብ ሲጣል ከተማዋ ውስጥ ሆኖ የተረፈ ነጭ ፓይን አለ። ፊቱ ብዙ ጊዜ ቆሜያለሁ። ምን ላይ እንደተቀመጠ ብትጠይቁኝ ግን አላስታውስም። እኔ ጣውላ የምመርጠው አሁን በዚህ ነው፤ ዓይኔ ጣውላው ላይ ከቆየ አልገዛም።

ለዚህ ነው ለዎልነት የማዳላው። በደንብ የተቆላ ቡና የመሰለ ጥቁር ቡናማ ነው። ዥንጉርጉሩ አለ፣ ግን ጠጋ ብላችሁ ካላያችሁት አይጮህም። ግንዷ በከፊል ደርቆ የነጣ ጥድ ካለቻችሁ ዎልነት ላይ አስቀምጡና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ በሉ፤ የነጣው እንጨት ብቻውን ወጥቶ ይታያል። ሳህኑ ቡናማ ከሆነ ከጣውላው ጋር ይመሳሰልና ዛፉ ከመሬት የወጣ ይመስላል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ክላሮ የሚባለው ዎልነት አለ፤ የዎልነት ፍሬ የሚያመርቱ ገበሬዎች የሌላ ዎልነት ቅርንጫፍ ይገጥሙበታል፣ መጋጠሚያው ላይ አንዳንዴ ትልቅ በርል ይወጣል። እኛ ጋ ምሥራቁ በኩል ደግሞ ጥቁሩ ዎልነት በየሰፈሩ አለ፤ ማዕበል የጣለውን ዛፍ የሚሰነጥቁ ሰዎች ጋ ብትሄዱ ከኢንተርኔት በተሻለ ዋጋ ታገኛላችሁ፣ በእጃችሁም ነክታችሁ ትገዛላችሁ።

ጉድለትም አለው። ከሦስቱ ውድ እሱ ነው። ውስጡ የታፈነ ቅርፊትና ቀዳዳ አይጠፋውም። ብርሃን ሲበዛበት ይነጣል። ታኒን የሚባል ንጥረ ነገር ስላለው ደግሞ እርጥብ ብረት ከነካው ይጠቁራል። ሬድውድም እንዲሁ ነው። እኔ ላዩን በብረት ሱፍ ፈትጌ፣ ብናኙን ሳላራግፍ በእርጥብ ጨርቅ ወለወልኩት። ጠዋት ስነሣ ቀለም የተረጨበት ይመስል ነበር። እንደገና መፈተግ ግድ ሆነ።

ቼሪም ይሸጣል፣ ጥሩ ነው፣ ግን ከዎልነት በተቃራኒ በብርሃን ይጠቁራል። ሳህኑን አንድ ቦታ ላይ ወራት ካቆያችሁት ሲነሣ ሥሩ የነጣ ምልክት ታገኛላችሁ። አምቦይና የሚባለው የደቡብ ምሥራቅ እስያ በርል በጣም ውድ ነው፤ ለእስክሪብቶና ለቢላ እጀታ ይሁን። የሞሮኮው ቱያ ሽታው ደስ ይላል፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ትንሽ ቁራጭ ነው፤ መዳፍ ላይ ለምትቀመጥ ቦንሳይ ካልሆነ አይበቃም።

እንጨቱን ከመረጣችሁ በኋላ ዋናው ጥያቄ ደርቋል ወይ የሚለው ነው። ደረቅ የሆነ ተራ ጣውላ ከእርጥብ ድንቅ ጣውላ ይሻላል። በርል ክሩ በየአቅጣጫው ስለሚሄድ ሲደርቅ በየት በኩል እንደሚጣመም አስቀድሞ መገመት ይከብዳል። አየር ላይ የሚደርቅ ጣውላ ለ2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ገደማ ይፈልጋል ይባላል፤ ማድረቂያ ምድጃ ውስጥ የገባ ከሆነ ያጥራል። ቤት ውስጥ ለሚቀመጥ ነገር እርጥበቱ ከ6 እስከ 8 በመቶ ቢሆን ነው የሚፈለገው። እስከ 10 ድረስ እኔ እቀበላለሁ። ከ12 በላይ ከሆነ ሻጩ ያስቀምጠው። የእርጥበት መለኪያ ያለው ሻጭ ቁጥሩን ፎቶ አንሥቶ ሲልክላችሁ ቅር አይለውም።

መለኪያ ከሌለ የወጥ ቤት ሚዛን ይበቃል። 50 በ30 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ 2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ደረቅ ተራ ሬድውድ 1.5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ ሜፕል 2 ኪሎ፣ ጥቁር ዎልነት 2.3። በርል ከተራው እንጨት ጠጠር ስለሚል ትንሽ ቢበልጥ አይግረማችሁ። እጥፍ ከሆነ ግን የምትገዙት ውሃ ነው። ቤት ከገባም በኋላ ዛሬ መዝኑት፣ ከሳምንት በኋላ መዝኑት። እየቀለለ ከሄደ ገና እየደረቀ ነው፤ አትለስልሱት፣ አትቀቡት፣ ዝም ብላችሁ ጠብቁት። ፎቶውን በተመለከተ ደግሞ ብዙ ሻጮች ዥንጉርጉሩ እንዲወጣ ውሃ ረጭተው ነው የሚያነሡት። "ደረቁን ፎቶ ላክልኝ" በሉ። የጎኑንም ፎቶ ጠይቁ፤ መጣመሙ የሚታየው በጎን ነው።

ያለቀ ልግዛ ወይስ ጥሬ? የአናጺ መሣሪያ ነክቶ የማያውቅ እጅ ካላችሁ ያለቀውን ግዙ፣ ምንም አያሳፍርም። ጥሬው ይረክሳል፣ ግን ላዩን ማስተካከል የአናጺ ቤት ማሽን ይፈልጋል። ጋሼ በመላጊያ ሞክረውት ነበር፤ ክሩ በሁሉም አቅጣጫ ስለሆነ መላጊያው ቁርጥራጭ እየቦጨቀ ጉድጓድ አወጣ። ከዚያ በኋላ በብርጭቆ ወረቀት ብቻ ሆነ፤ በሻካራው በ80 ቁጥር ጀምሮ፣ 120፣ 180፣ መጨረሻ ለስላሳው 240። ሙሉ ቅዳሜ ፈጀ። ጭንብል ማድረግ አትርሱ፤ የዎልነትም የሬድውድም ብናኝ ጉሮሮና ቆዳ ያሳክካል። ጠርዙን ከሥር በኩል ሰያፍ አድርጋችሁ ብትቆርጡት ጣውላው ከላይ ሲታይ ቀጭን ይመስላል፣ ሥሩም ጥላ ይይዛል። ይሄ ትንሽ ነገር ከቀለሙ በላይ ለውጥ ያመጣል።

ቅቡ ላይ ብዙ አልከራከርም። ዘይት ቀብታችሁ ሰም ደርቡበት፤ ደብዘዝ ብሎ ይቀመጣል፣ ሲጫር ደግሞ ያችን ቦታ ብቻ ታድሳላችሁ። ቫርኒሽ ውሃ ይችላል፣ ግን ካብረቀረቀ መብራቱን መልሶ ዓይናችሁ ላይ ይልከዋል። ቀዳዳውን በባለ ቀለም ኤፖክሲ (ፈስሶ የሚጠነክር ሙጫ) የሞላ ጣውላ ለምግብ ጠረጴዛ ያምር ይሆናል፤ ዛፍ ሥር ግን አልወደውም፣ ምንም በሉኝ። አንድ ነገር በቁም ነገር ልንገራችሁ፦ የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ተጨማድዶ ከተጣለ በራሱ ግሎ እሳት ሊነሣበት ይችላል። ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት። የትኛውንም ቅብ ብትመርጡ ዛፉን ጣውላው ላይ እንዳለ ውሃ አታጠጡት። አጠጥታችሁ፣ አንጠፍጥፋችሁ፣ የሳህኑን ሥር ጠርጋችሁ ከዚያ አስቀምጡት፤ እሱም እንግዳ ለሚመጣበት ቀን ወይም ለኤግዚቢሽን እንጂ ዓመቱን ሙሉ አይደለም።

አንድ ብቻ ግዛ ብትሉኝ ዎልነት፣ ደረቅ፣ ከሳህኑ ጥልቀት የቀጠነ፣ ሳህኑ ትንሽ ወደ አንድ ጎን ሲቀመጥ በሌላው ጎን ባዶ ቦታ የሚተርፈው። ለጫካ ተክል ከሆነ ሬድውድ፣ ምንጩ ከታወቀ። ሜፕሉን ዛፋችሁ ራሱ ደማቅ ከሆነ ብቻ።

ያ የተጣመመው የመጀመሪያው ጣውላዬ በረንዳ ላይ ነው። ጤና አዳም የተተከለበት የቲማቲም ጣሳ ተቀምጦበታል። ጤና አዳሙ መወዛወዙ ግድ አይሰጠውም።