ለቤት መጠባበቂያ መብራት፦ ጄነሬተር ወይስ ኢንቨርተር ከሊቲየም ባትሪ ጋር? (ለደብረ ብርሃንና ለአካባቢዋ)

መብራት በጠፋ ቁጥር ስልኬ ይጮሃል። ደዋዩ ይለያያል እንጂ ጥያቄው ያው ነው፦ «ጄነሬተር ልግዛ ወይስ እንዳንተ ባትሪ ላስገባ?» ለእያንዳንዱ ከመድገም ብዬ ይኸው ጽፌዋለሁ። ወገንተኛ መሆኔን አልደብቅም። ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ ለሚኖር ቤተሰብ ኢንቨርተርና (የባትሪን ኃይል ለቤት ዕቃ ወደሚሆን መብራት የሚቀይር ሳጥን ነው) ሊቲየም ባትሪ ይግዛ ባይ ነኝ። ጄነሬተር የግድ የሚያስፈልገው ሰው አለ፣ ወደ እሱም እመጣለሁ። ከሚደውሉልኝ ውስጥ ግን እንዲህ ያለው ጥቂቱ ነው።

ሂዩስተን ያለችው የአክስቴ ልጅ በዚህ አትስማማም። ሐምሌ 1 ቀን 2016 ቤሪል የተባለው አውሎ ነፋስ ቴክሳስ ሲገባ ከ2 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች ጨለማ ውስጥ ሲቀሩ እሷ ቤት መብራቱ አልጠፋም ነበር። ግቢዋ ውስጥ የተተከለው ጄነሬተር መስመሩ መቋረጡን ራሱ አውቆ ይነሳል፣ ምድጃውንም ማቀዝቀዣውንም ይሸከማል። «እናንተም እንዲህ አስተክሉ» እያለች ፎቶ ትልካለች። የእሷ ማሽን የሚጠጣው ግን ከመንገድ በቧንቧ የሚመጣላትን ጋዝ ነው። እኛ ቧንቧ የለንም፣ ያለን ጀሪካን ነው። አውሎ ነፋስም አይመጣብንም። የእኛ ጣጣ የክረምቱ መብረቅ፣ የወደቀ ምሰሶና በየሳምንቱ ለጥቂት ሰዓት የሚሄድ መብራት ነው። ለዚህ ለዚህ የእሷ ዓይነት መፍትሔ ኪስ ማራቆት ነው።

ወደ ዋጋው ልግባ፣ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነውና። ከጎረቤቴ ጋር ስናጠያይቅ «5 ኪሎ ዋት» የሚል የቻይና ቤንዚን ጄነሬተር 90 ሺህ ብር ተጠራልን። ባለ 3 ኪሎ ዋት ኢንቨርተር ከ24 ቮልት 100 አምፒር ሊቲየም ባትሪ ጋር ደግሞ ከነማስገጠሚያው 190 ሺህ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲመራ ከተለቀቀ ወዲህ የዕቃ ዋጋ አንድ ቦታ ረግቶ አያውቅምና ቁጥሮቹን ሳይሆን በመካከላቸው ያለውን ርቀት ያዙ። ጎረቤቴ 190 ሲሰማ ፊቱን አዞረ። «በ100 ሺህ ልዩነት ስንት ቤንዚን እቀዳበታለሁ!» አለ። እስኪ እናስላው አልኩት።

ፍሪጅ፣ ቴሌቪዥን፣ ዋይፋይና አምፖል አንድ ላይ ቢሠሩ 500 ዋት ቢደርሱ ነው። ጄነሬተሩ ግን ሥራ በዛበትም አልበዛበትም መዞሩ ስለማይቀር በሰዓት አንድ ሊትር ገደማ ይጠጣል። በ2017 ታኅሣሥ መጨረሻ ቤንዚን ሊትሩ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ሲገባ ጉድ ብለን ነበር፣ ከዚያም ወዲህ ጨምሯል። ለስሌታችን 130 ብር እንበለው። መብራት ከምሽቱ 12 ሰዓት ሄዶ 4 ሰዓት ቢመጣ 520 ብር ተቃጠለ ማለት ነው፣ ያገኛችሁትም 2 ኪሎ ዋት ሰዓት ብቻ ነው። ባትሪው ይህንኑ ሰጥቶ ከመስመር መልሶ ሲሞላ፣ በመሙላቱ የሚባክነው ተጨምሮ እንኳ፣ ቆጣሪው ላይ 25 ብር አይሆንም። እንዲህ ያለ መጥፋት በሳምንት ሁለቴ ከሆነ የጎረቤቴ 100 ሺህ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ጭስ ሆኖ አለቀ። ዘይቱ ገና አልተቆጠረም፦ አዲስ ሞተር መጀመሪያ በ20 ሰዓት፣ ከዚያ በኋላ በየ100 ሰዓቱ ዘይት ይቀየርለታል። 130ውም ማደያ ለተቀዳ ነው። ማደያ ለጀሪካን እንደ ልብ አይቀዳም፣ በጓሮ በር ስትገዙ ደግሞ ዋጋውም ሌላ፣ ውሃ እንዳልተቀላቀለበትም ዋስትና የለም።

ሻጭ አንስቶት የማያውቀው ነገር ከፍታችን ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2800 ሜትር ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ 1 በመቶ ገደማ ያጣል። ስለዚህ ታርጋው ላይ 5 ኪሎ ዋት የተጻፈበት ጄነሬተር እዚህ ሲደርስ 3.6 ነው። ጣርማ በርና መሐል ሜዳ ከ3000 ሜትር በላይ ስለሆኑ እዚያ ከዚህም ይወርዳል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ለብቻው 3.5 ኪሎ ዋት ይፈልጋል። «ምጣዱንም ያነሳል» ተብላችሁ ከገዛችሁ፣ ፍሪጁ ልክ ሲነሳ ሞተሩ ዳገት ላይ እንደቀረ አይሱዙ ሲያቃስት ትሰማላችሁ። ካርቡሬተሩም የተለካው ለቆላ አየር ስለሆነ ቤንዚኑ ይበዛበታል፦ ጭሱ ይጠቁራል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ በኅዳር ውርጭ ጠዋት ገመዱን ስትጎትቱ ክንዳችሁ ይዝላል። ኢንቨርተር ከፍታው እምብዛም አያስጨንቀውም።

ኮፒው ደግሞ ራሱን የቻለ ጉድ ነው። የታወቀውን የጃፓን ስም አንድ ፊደል ለውጦ የተለጠፈበት ጄነሬተር ሞልቷል። ተለጣፊውን ትታችሁ ሞተሩ ላይ የተቀረጸውን ሲሲ፣ ማለትም የሲሊንደሩን ይዘት፣ አንብቡ። 389 ሲሲ ሞተር በትክክለኛ አሠራር 5 ኪሎ ዋት አካባቢ ነው የሚሰጠው። 8 ኪሎ ዋት ነው ካሏችሁ ዋሽተዋል። 196 ሲሲ ከሆነ ደግሞ ከ2 እስከ 2.5 ነው። ክብደቱንም እዩ፣ ሁለት ሰው ሳያማጥ የሚያነሳው «5 ኪሎ ዋት» ውስጡ መዳብ አይኖረውም። የእህቴ ባል ጄነሬተር ሞተሩ እየዞረ መብራት መስጠት ሲያቆም ዲናሞ ጠቅላይ ጋ ወሰድነው። ሰውየው ከፈተው፣ ሽቦውን በቢላ ጫፍ ፋቅ ፋቅ አደረገው፣ ከቀዩ ቅብ ሥር ነጭ ብቅ አለ። አሉሚኒየም ነው። በመዳብ ለመጠቅለል የተጠየቀው ብር የጄነሬተሩን ዋጋ ሲሶ ነበር፣ ሻጩም «ዋስትናው ሞተሩን ብቻ ነው» ብሎ ሸኘን።

በባትሪም ማጭበርበር አለ፣ አልክድም። ያገለገለ ሴል በአዲስ ሳጥን ታሽጎ ይሸጣል። መፈተኛው ግን ቀላል ነው፦ ባትሪው እስከ ጫፍ ተሞልቶ 1000 ዋት የክፍል ማሞቂያ ይሰካበት። ባለ 24 ቮልት 100 አምፒሩ 2.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ስለሚይዝ ከሁለት ሰዓት በላይ መሄድ አለበት። በአንድ ሰዓት ከጮኸ ይዛችሁት ተመለሱ። በርካሽ ነው ብላችሁ ጄል ባትሪ አትግዙ፣ ከተጻፈበት ውስጥ በሰላም የምትጠቀሙበት ግማሹን ነው፣ ዕድሜውም አጭር ነው፣ ሆዱ ሲነፋ ማየትን እኔ ጠግቤዋለሁ። ኢንቨርተሩም «ፒዩር ሳይን» የሚለው፣ እንደ መስመሩ ንጹህ ሞገድ የሚሰጠው፣ ይሁን፣ አለዚያ የፍሪጁ ሞተር እያጉረመረመ ይቃጠላል። ሊቲየም አንድ ጠላት አለው፦ ከዜሮ ዲግሪ በታች መሞላት አይወድም። እኛ ጋ ውርጭ አለና ባትሪው ከቤት ውስጥ ይቀመጥ፣ ቆርቆሮ ጎጆ ውስጥ አይደለም።

አሁን ምጣዱ። በኢንቨርተር እንጀራ ለመጋገር ማሰብ ብር መበተን ነው። ኤሌክትሪሻኑ ብሬከሮቹን ለሁለት ይክፈላቸው፦ ምጣድ፣ ቦይለርና ምድጃ በመስመሩ ላይ ይቅሩ፣ መብራት፣ ፍሪጅና ሶኬት በኢንቨርተሩ በኩል ይለፉ። መብራት በጠፋ ዕለት ለሚጋገረው ጓሮ ያለችውን «ምርጥ» የምትባለውን የእንጨት ምድጃ አትጣሉ። እናቴ እንዲያውም የእሷን እንጀራ ነው የምትመርጠው።

አንድ ብዙ ገጣሚ የማያየው ማስተካከያ ልንገራችሁ። አብዛኞቹ የቻይና ኢንቨርተሮች «ዩፒኤስ» እና «ኤፒኤል» የሚሉ ሁለት አማራጮች አሏቸው። በመጀመሪያው መስመሩ ከ170 ቮልት ሲወርድ ወዲያው ወደ ባትሪ ይሄዳል። ሁሉም ሰው ምጣድ በሚሰካበት ሰዓት መብራቱ የሚደክምበት ሰፈር ከሆናችሁ፣ መብራት ሳይጠፋ ባትሪያችሁ ያልቃል፣ ከዚያ «ባትሪው ሞተ» ትላላችሁ። ኤፒኤል ላይ አድርጉት፣ እስከ 90 ቮልት ይታገሳል። ፍሪጁን ከደካማ ቮልት ለማዳን ለብቻው ስታብላይዘር ይኑረው።

ጄነሬተር ለማን ነው? ወፍጮ፣ ክሊኒክ፣ ሆቴል ላለው፤ እሱም ናፍጣ ይግዛ፣ ከፍታውን ቆጥሮ ከሚፈልገው 40 በመቶ ገደማ ከፍ አድርጎ። መብራት ለቀናት ለሚጠፋባቸውም ባትሪ ብቻውን አይበቃም። መንዝ ላሉት ግን ከቤንዚን በፊት ሶላር ፓኔል እመክራለሁ፣ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ፀሐዩ ይሞላላችኋል፣ ችግሩ ሐምሌና ነሐሴ ነው። ሸዋ ሮቢት 1300 ሜትር እንኳ ስለማትሞላ ጄነሬተር እዚያ ይሻለዋል፣ ባትሪውን ግን ሙቀቱ ስለሚጎዳው ነፋስ ያለበት ጥላ ፈልጉለት።

ጄነሬተር ለምትገዙ ሁለት ነገር እለምናለሁ። በረንዳ ላይም ሆነ ከመስኮት ሥር አታስነሱት። ከሰል አስገብተው በር ዘግተው ያደሩ ሰዎች ምን እንደሆኑ እዚህ ብርድ አገር ሁላችን እናውቃለን፣ ጋዙ ያው ነው። ደግሞም በሁለቱም ጫፍ ወንድ ሶኬት ያለው ገመድ ሠርታችሁ ቤቱን በግድግዳ ሶኬት አትመግቡ። ኃይሉ በቆጣሪው አልፎ ወደ ትራንስፎርመሩ ይወጣል፣ ምሰሶ ላይ ያለውን ሠራተኛ ይገድላል። ቼንጅ ኦቨር፣ ማለትም ቤቱን ከመስመሩ ለይቶ ከጄነሬተሩ ጋር የሚያገናኝ ማዞሪያ፣ አስገጥሙ፣ ከጄነሬተሩ ዋጋ አንፃር ምንም አይደለም።

ለገጣሚም ሙሉ ሂሳብ በመጀመሪያው ቀን አትክፈሉ። ዋና ብሬከሩን አውርዱ፣ ፍሪጁም አምፖሉም መሥራቱን እዩ፣ ከዚያ ማሞቂያው ብቻውን ይቅር፣ ገጣሚው ሻይ እየጠጣ ሁለት ሰዓት አብሯችሁ ይቀመጥ፣ ባትሪው ከቆየ ቀሪውን ያኔ ስጡት።