ለእማዬ የገዛሁላት የመጽሐፍ ቅዱስ ማጫወቻ፣ ከአራት ወር በኋላ

ፒያሳ ካለ አንድ የመንፈሳዊ ዕቃ መሸጫ በ2,800 ብር ገዛሁት። መጠኑ የሳሙና ያህል ነው። ሙሉውን መጽሐፍ ቅዱስ በአማርኛ ያነባል። ጀርባው ላይ ያለውን ሶላር እርሱት፣ ጌጥ ነው። ባትሪው ግን ጎበዝ ነው፤ እማዬ በሳምንት ሦስት ቀን ኩላሊት እጥበት ትገባለች፣ አንዱ አራት ሰዓት ይፈጃል፣ እስካሁን መሃል ላይ ጠፍቶባት አያውቅም። ቁልፎቹም ትልልቅ ስለሆኑ በአንድ እጇ ትነካካዋለች፣ ሌላኛው ማሽኑ ላይ ነዋ።

ቅሬታዬ «ማጽናኛ» የምትለዋ ቀይ ቁልፍ ላይ ነው። ስትጫኗት ለሕሙማን የተመረጡ ምዕራፎች ይመጣሉ፦ ሮሜ 8፣ ራእይ 21፣ መዝሙር 22 (በሌላው አቆጣጠር 23)። ማን ይጠላቸዋል? ግን የሚያለቅስ ሰው እምብዛም የለበትም። ከኢዮብ የገባው «የሚቤዠኝ ሕያው ነው» የሚልበት ምዕራፍ 19 ብቻ ነው፤ የተወለደበትን ቀን የረገመበት ምዕራፍ 3 የለም። ያለ አንዳች መፍትሔ የሚያልቀው መዝሙር 87 (88)ም የለም። እማዬ አንድ ሳምንት ሰማችና «እነዚህን የመረጠው ሰው ታሞ አያውቅም እንዴ?» አለችኝ።

ቁልፏን ትተን ኢዮብን ከ1 እስከ 42 ሰማን። ወዳጆቹ መናገር ሲጀምሩ «ይኸው፣ ጠያቂዎቼ መጡ» አለች። ቤታችን የሚመጣው ሁሉ «ለበጎ ነው»፣ «ቢወድሽ ነው» ይላታላ። መጨረሻ ላይ እግዚአብሔር የተቆጣው በጮኸው ኢዮብ ሳይሆን ለእግዚአብሔር ጠበቃ በሆኑት የኢዮብ ወዳጆች ላይ መሆኑን ስትሰማ ማሽኑ ላይ ሆና በሳቅ ፈነዳች። ነርሷ ደንግጣ መጣች።

ከዚያ በኋላ ነው ራሷ «ሮሜ 8ን ክፈችልኝ» ያለችው። ጳውሎስ እዚያ የሚጠብቀው ከሥጋ ማምለጥን አይደለም፣ «የሰውነታችን ቤዛ» ነው የሚለው። በጸሎተ ሃይማኖት «የሙታንን መነሣት ተስፋ እናደርጋለን» ስንል ይህንኑ ማለታችን ነው፣ እኔ ግን ሁሌ ወደ «አሜን» እየተጣደፍኩ ነበር የማልፈው።

ዮሐንስ 20 ላይ ጌታ የተወጉ እጆቹን ለቶማስ ሲያሳየው «ከተነሣም በኋላ ጠባሳው አለ ማለት ነው?» ብላ በመርፌ ብዛት ያበጠ ክንዷን አየች። የምመልሰው ስላጣሁ ልደግምላት ፈለግሁ። ይሄ ዕቃ ግን ወደ ኋላ ሲመለስ ምዕራፉን ከመጀመሪያው ነው የሚያስጀምረው፤ ቶማስ ጋ ለመድረስ ከመግደላዊት ማርያም ጋር እንደገና ወደ መቃብሩ መሄድ ነበረብን።

ከ5 4 ሰጥቼዋለሁ። ጆሮ ማዳመጫ አብሮት አይመጣም። ለብቻው ገዝቼላት ነበር፣ አጠገቧ የሚታጠቡት አባት «እኛስ አንሰማም?» ስላሉ ቦርሳ ውስጥ ቀርቷል።