7.62 በ39 ወይስ 5.45 በ39? ክላሽ ከመግዛትዎ በፊት ጥይቱን ይምረጡ

እ.ኤ.አ. በ1974 የሶቭየት ጦር ኤኬ-74ን ሲታጠቅ ትልቁ ለውጥ ያለው ጠመንጃው ላይ ሳይሆን ጥይቱ ላይ ነበር፦ ከ7.62 በ39 ወደ 5.45 በ39 ተሸጋገረ። የመጀመሪያው ቁጥር የአረሩ ውፍረት፣ ሁለተኛው የቀለሁ ርዝመት በሚሊሜትር ነው። አሜሪካ የሚኖር፣ ሕጉ ፈቅዶለት ለተኩስ ሜዳ ክላሽ የሚገዛ ሰውም መጀመሪያ መወሰን ያለበት ይህንኑ ነው።

የነባሩ 7.62 አረር 7.9 ግራም ይመዝናል፤ ከቀደመው ክላሽ ከኤኬኤም አፈሙዝ በሰከንድ 715 ሜትር ይወጣል። የ5.45 አረር 3.4 ግራም ብቻ ነው፤ ፍጥነቱ ግን በሰከንድ 900 ሜትር ይደርሳል። በጉልበት ነባሩ ይበልጣል፦ ወደ 2,000 ጁል፣ አዲሱ 1,400 ገደማ። ለመምታት የሚቀለው ግን አዲሱ ነው። ማነጣጠሪያውን ሳይነኩ ደረት የሚያህል ዒላማ ለማግኘት ኤኬኤም እስከ 350 ሜትር፣ ኤኬ-74 እስከ 440 ሜትር ያስኬዳል። እርግጫውም በጣም ለስላሳ ስለሆነ ሁለተኛው ተኩስ ከዒላማው አይርቅም። አፈሙዙ ላይ ያለው እርግጫ መቀነሻ ግን ጋዙን ወደ ጎን ስለሚተፋ አጠገብ የቆመ ሰው ጆሮውን ሳይሸፍን መቆም የለበትም።

የክብደቱ ልዩነት በካዝና ሲሰላ ይገርማል። 30 ጎራሽ የሆነው የኤኬኤም ብረት ካዝና ባዶውን 330 ግራም ነው፤ እያንዳንዱ 16.3 ግራም የሚመዝን 30 ፍሬ ሲጎርስ 820 ግራም ይሞላል። የኤኬ-74 ፕላስቲክ ካዝና ከነጥይቱ 545 ግራም ገደማ ነው። ስለዚህ አራት የ7.62 ካዝና በሚከብደው ልክ ስድስት የ5.45 ካዝና ይያዛል፤ 120 ፍሬ የነበረው 180 ይሆናል። ጦሩን ያሳመነው አንዱ ነገር ይህ ነው።

ካዝናዎቹ አይለዋወጡም። የ7.62 ቀለህ ወደ አፉ ይበልጥ ስለሚሾጥ ካዝናውም ይበልጥ ቆልማማ ነው። 5.45ን ከአሜሪካው 5.56 ጥይት ጋር ማምታታትም አደገኛ ነው፤ ቁጥሩ ይቀራረብ እንጂ ቀለሁም አረሩም ሌላ ነው።

የድሮ ወታደራዊ ጥይት ከገዙ፣ ካሊበሩ የትኛውም ቢሆን፣ ዝገትን ይፍሩ። ማቀጣጠያው ሲነድ በርሜሉ ውስጥ ጨው ይቀራል፤ ዘይት ጨው አያሟሟም። በዚያው ቀን በርሜሉን፣ የጋዝ ቱቦውን፣ ፒስተኑን፣ መዝጊያውንና አፈሙዙ ላይ ያለውን መቀነሻ በፈላ ውሃ ማጠብ፣ በደንብ ማድረቅ፣ ከዚያ በስሱ ዘይት መቀባት ነው።

አሁን ሚዛኑን የሚደፋው አቅርቦት ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2014 የ5.45ን ርካሽ ወታደራዊ ጥይት 7ኤን6ን የጥይት መከላከያ ይበሳል ብላ እንዳይገባ ከለከለች፤ በ2021 ደግሞ ለሩሲያ ጥይት አዲስ የማስገቢያ ፈቃድ መስጠት አቆመች። 5.45 በአብዛኛው ከሩሲያ ይመጣ ስለነበር የከፋው ጉዳት በሱ ላይ ደረሰ። 7.62ን ግን ሰርቢያና ቦስኒያም ይሠሩታል። ለመጀመሪያ ጠመንጃ 7.62ን እንመክራለን። 5.45 በመተኮስ ይሻላል፣ ይህን አንክድም፤ ግን የሚበቃዎትን ጥይት አስቀድመው በእጅዎ ካላስገቡ ጠመንጃውን አይግዙ።

ጥይቱን በብዛት ከመግዛትዎ በፊት የሚተኩሱበትን ሜዳ ደንብ ይጠይቁ። ብዙዎቹ ማግኔት ያስጠጋሉ፤ አረሩ ከተሳበ አያስተኩሱም። ውስጡ እርሳስ ሆኖ ሽፋኑ ብቻ ብረት ያለበት አረርም ይሳባል።